ለአንዲት ልጅ የታሰበ ሐውልት



የመጽሔቱ አዘጋጆች ደውለው «ስለ መታሰቢያ አትክልት ቦታው አንድ ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ተግደረደርኩ። ታሪክ አጥኚ አይደለሁም፤ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የምጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ የታካሚ ካርድ ላይ ነው፤ እሱንም ነርሶቹ «አይነበብም» እያሉ ይመልሱልኛል። ዕቅዱን ሳየው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እንደምታውቁት ሐሳቡ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ሜዳ ላይ በሞት ለተለዩን ምሩቃንና ተማሪዎች አንድ የአትክልት ቦታ እንዲሠራ፣ መሐሉ ላይ የሚቆመውን የጥበብ ሥራ አሁን በመማር ላይ ያሉት ልጆች እንዲሠሩት፣ ወጪውን ደግሞ ማኅበሩ እንዲችል ነው። ድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ገና አልተቆረጠም። አንዱ ወገን «ለተለዩን ሁሉ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል ይላል። ሌላው ስም በስም ይጻፍ ይላል።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከ70 ዓመት ገደማ በፊት የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ገብተውበት ነበር፤ ቦታው ሂሮሺማ ነው። የወረቀት ወፍ ስላጠፈችው ልጅ ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ይሆናል። እኔም ለአጭር ሥልጠና ጃፓን ሄጄ መናፈሻውንና ሙዚየሙን እስካይ ድረስ የማውቀው እንደ ተረት ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳዳኮ ሳሳኪ የተወለደችው በጃንዋሪ 1943 ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ኦገስት 6 ቀን 1945፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ አቶሚክ ቦምቡ ሲፈነዳ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ነበረች። ቤታቸው ፍንዳታው ከደረሰበት ቦታ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጭረት እንኳ አላገኛትም። ሲሸሹ ግን ያ የጠቆረ ዝናብ ወረደባቸው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ልጅ አደገች፤ እንዲያውም ጎበዝ ሯጭ ወጣት። በ1954 ኖቦሪቾ በሚባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተደረገው የስፖርት በዓል ላይ «የቀርከሃ ክፍል» ተብሎ የሚጠራው የእሷ ክፍል በዱላ ቅብብል አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ቀጥሎም ፊቷ አበጠ። ፌብሩዋሪ 1955 የሂሮሺማ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ተኛች። ሉኪሚያ ነበር። ወላጆቿ ቢበዛ አንድ ዓመት እንደሚቀራት ተነገራቸው።

የሕክምና ሰዎች ስለሆንን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በቦምቡ ጨረር የመጣው የደም ካንሰር ወዲያው አልታየም። ከፍንዳታው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መታየት ጀመረ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ቁጥሩ ጫፍ ላይ ደረሰ። በልጅነታቸው ለጨረሩ የተጋለጡት ደግሞ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ተጎዱ። ይህን የምናውቀው በአብዛኛው አሜሪካኖቹ በ1947 ሂሮሺማ ላይ ሥራ ባስጀመሩት የቦምቡን ተጎጂዎች የሚያጠና ኮሚሽን ምክንያት ነው። ኮሚሽኑ ይመረምራል፣ ይመዘግባል፤ አያክምም ነበር። የከተማው ሰው ይህን ነገር እስከ ዛሬ በምሬት ያነሣዋል። መቼም ደም ተቀድቶለት «ለጥናት ነው» ተብሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ምሬቱ አይፈረድበትም። ስለ መድኃኒቱም ቢሆን፣ ሲድኒ ፋርበር ቦስተን ላይ አሚኖፕቴሪን የተባለው መድኃኒት የልጆችን ሉኪሚያ ለጊዜው እንደሚያፈገፍገው ያሳተሙት በ1948 ነው፤ ለጊዜው ብቻ። በ1955 አንዲት ልጅ ይህ በሽታ ያዛት ማለት የጊዜ ጉዳይ ነው ማለት ነበር።

ለሳዳኮ የበሽታዋን ስም የነገራት የለም። እኛ ዘንድም ያው ነው። አባት ከክፍሉ አስወጥቶኝ «ዶክተር፣ እባክሽ ልጄ እንዳይሰማ» ያላለኝ ወር የለም። ልጅቷ ከሞተች በኋላ ግን አንዲት ወረቀት ተገኘች፤ አልጋዋ ሥር ደብቃት የነበረች። የደም ምርመራዋን ውጤት በቀን በቀን፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይህን ያህል፣ ቀይ ይህን ያህል፣ ሄሞግሎቢን ይህን ያህል እያለች በገዛ እጇ ለወራት ገልብጣው ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ ጎብኚ የሚሰበሰበው ትንንሾቹ የወረቀት ወፎች ዘንድ ነው። እኔን ያስቆመኝ ይህ የቁጥር ዝርዝር ነው። የላብራቶሪ ውጤት ማንበብ ሥራዬ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻዋን ተደብቃ ያነበበችው መሆኑን ሳስብ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ።

ወፎቹ የመጡት ኦገስት ላይ ነው። ናጎያ ከምትባል ከተማ ተማሪዎች ለሆስፒታሉ በሽተኞች ከወረቀት የታጠፉ፣ ሽመላ የሚመስሉ ወፎች ላኩ። ጃፓኖች ሺህ ወፍ ያጠፈ ሰው ምኞቱ ይሞላለታል የሚል የቆየ እምነት አላቸው። ሳዳኮም ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት መጠቅለያውን ሳይቀር፣ ማጠፍ ጀመረች። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ዓለምን ያዳረሰው የልጆች መጽሐፍ 644 ላይ ሞት ቀደማት ይላል። የቤተሰቧም የሙዚየሙም ቃል ግን ሌላ ነው፤ ሺሁን አልፋለች፤ ካለፈችም በኋላ አላቆመችም። ለአንባቢ የመጀመሪያው ይበልጥ ያስለቅሳል፤ ለእኔ ሁለተኛው ይከብደኛል። ኦክቶበር 25 ቀን 1955 አረፈች፤ 12 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ጓደኞቿ ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ባለቤቶች እነሱ ናቸውና። የቀርከሃ ክፍል ልጆች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ገብተው ተበታትነው ነበር። ለቀብር ሲሰባሰቡ አንድ ነገር እናድርግላት ተባባሉ። የቦምቡን ተጎጂዎች በመርዳት ይታወቁ የነበሩት ኢቺሮ ካዋሞቶ የተባሉ ሰው ሐውልት እንዲያቆሙ ሐሳብ አቀረቡላቸው። ለሳዳኮ፣ ደግሞም በቦምቡ ለሞቱት ልጆች ሁሉ። ያን ጊዜ «ደግሞም» የሚለው ቃል ያን ያህል ያሳሰበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በኖቬምበር የመላው ጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ርእሳነ መምህራን ሂሮሺማ ላይ ተሰብስበው ነበር። ልጆቹ የጓደኛቸውን ታሪክ ጽፈው 2,000 ያህል በራሪ ወረቀት አባዝተው ለእያንዳንዱ ርእሰ መምህር በእጁ ሰጡት። ጊዜው ረድቷቸዋል ማለት ይቻላል። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው የአሜሪካኖች አስተዳደር ስለ ቦምቡ እንደ ልብ መጻፍ አይቻልም ነበር፤ ያ የተነሣው በ1952 ነው። በማርች 1954 ደግሞ ቢኪኒ ደሴት ላይ የተሞከረው የሃይድሮጂን ቦምብ አመድ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ላይ ወርዶ አገሩ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። ርእሳነ መምህራኑ ወረቀቷን ይዘው ወደየትምህርት ቤታቸው ተመለሱ፤ መዋጮውም ከየአቅጣጫው መምጣት ጀመረ። በ1956 መጀመሪያ የከተማዋ ተማሪዎች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በመጨረሻ ከ3,100 በላይ ከሚሆኑ የጃፓን ትምህርት ቤቶችና ከዘጠኝ የውጭ አገሮች ገንዘብ ገባ። ልብ በሉ፣ ይህ የሳንቲም መዋጮ ነው። እኛ ለመመረቂያ መጽሔታችን አንድ ድርጅት ማስታወቂያ እንዲሰጠን ስንት ወር እንደተንከራተትን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ቦታው ኬንዞ ታንጌ የተባሉት አርክቴክት የነደፉት የሰላም መናፈሻ ሆነ። ዛሬ ሣርና ዛፍ የሚታይበት ያ ሜዳ ከቦምቡ በፊት ሱቅና መኖሪያ የሞላበት ሰፈር ነበር። ሐውልቱን የሠሩት የቶኪዮው የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ መምህር ካዙኦ ኪኩቺ ናቸው። 9 ሜትር ቁመት ያለው፣ በሦስት እግር የቆመ የነሐስ ሥራ ነው። አናቱ ላይ አንዲት ልጅ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ወርቃማ ወፍ ይዛለች። በግራና በቀኝ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ከሥር ለጃፓን የመጀመሪያውን የኖቤል ሽልማት ያስገኙት የፊዚክስ ሊቅ ሂዴኪ ዩካዋ የሰጡት ደወል ተሰቅሏል። ደወሉን የሚመታው ከሥሩ የተንጠለጠለ የወርቅ ቀለም ያለው ወፍ ነው። አሁን እዚያ ያለው ቅጂው ሲሆን ዋናው ሙዚየም ገብቷል። የተመረቀው ሜይ 5 ቀን 1958፣ በጃፓን የልጆች በዓል ቀን ነው።

ስሙ «የአቶሚክ ቦምብ ልጆች ሐውልት» ተባለ። ከሥሩ የተቀረጸው ድንጋይ በልጆች አፍ የተነገረ የሰላም ጩኸትና ጸሎት ነው። ድንጋዩ ላይ የሳዳኮ ስም የለም።

ይህን ሳነብ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ንዴቴ በረደ። በዚያች ጠዋት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች እሳት እንዳይዛመት ቤት ለማፍረስ ተመድበው ሜዳ ላይ ነበሩ። የብዙዎቹ ሬሳ እንኳ አልተገኘም። የእነሱ እናቶች ከዚያ ሐውልት ሥር ቆመው የሌላ ሰው ልጅ ስም ብቻ ቢያነቡ ምን ይሰማቸው ነበር? ደግሞም ገንዘቡ የመጣው ከአገሩ ልጆች ሁሉ ነው። «የሁላችንም» የሚለው ስም እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ክፋት የለበትም። ያም ሆኖ፣ አብረዋት የሮጡት የቀርከሃ ክፍል ልጆች የፈለጉት ለሳዳኮ የሚሆን ነገር ነበር። ነገሩ እያደገ፣ አዋቂ እየገባበት፣ ስብሰባና ንግግር እየበዛበት ሲሄድ ጓደኛቸው ምልክት ሆነች። ምልክት ደግሞ አይስቅም፣ ቡድኑን ይዞ አይሮጥም፣ የላብራቶሪ ውጤቱን ደብቆ አይገለብጥም።

አሜሪካም አንድ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አልበከርኪ የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳዳኮን ታሪክ ሰምተው፣ የልጆች የሰላም ሐውልት ቦምቡ በተሠራባት በሎስ አላሞስ ይቁም ብለው ከየአገሩ ልጆች ገንዘብ ሰበሰቡ። የዚያች ከተማ ምክር ቤት አልቀበልም አለ። ሐውልቱ በ1995 እዚያው በልጆቹ ከተማ በአልበከርኪ ቆመ። መታሰቢያ የት ይቁም የሚለው ጥያቄ የአትክልተኛ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው ያነሣሁት።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ግቢ። የባቼ ልጆች ወዴት እንደምሄድ ገብቷችኋል። አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ጓደኛችን በኩላሊት በሽታ እንደሞተ ታስታውሳላችሁ። ስሙን ዛሬ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ያን ጊዜ ዳያሊሲስ ማግኘት ምን ማለት እንደነበረ ለወጣቶቹ ማስረዳት ይከብዳል። የተኛው እኛ በምንማርበት ዋርድ ውስጥ ነው። ጠዋት ራውንድ ሲደረግ ሲኒየሩ እንደ ልማዱ፣ በሽተኛው እንዳይሰማ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። በሽተኛው እኮ የእኛው ክፍል ልጅ ነው! ሁሉንም ይሰማል። ክሬአቲኒኑን ሲኒየሩ ተሳስቶ ሲጠራ ጓደኛችን ቀስ ብሎ «የዛሬው አይደለም፣ የትናንቱ ነው» አለና የዛሬውን ነገረን። የሳቀም ያለቀሰም አልነበረም። ሁላችንም ወለሉን ነበር የምናየው። ከዚያ ቀን በኋላ ሳልጠይቀው ስንት ቀን እንደዋልኩ አውቃለሁ። ፈተና ነበረብኝ እላለሁ፤ ፈተናውስ ነበረ። ብቻ ፈተናው አይደለም ያስቀረኝ።

ከአርባው በኋላ አዋጥተን አንድ የወይራ ችግኝ ገዛን። ስዕል የሚችለው ልጅ (አሁን የማደንዘዣ ሐኪም ነው) አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስሙን ጻፈ፤ ዙሪያውን በስቴቶስኮፕ ከበበው። ስቴቶስኮፑ ሲያዩት እባብ ይመስል ስለነበር በለቅሶው መሐል ሳቅን። ከአናቶሚ አዳራሹ ጀርባ ተከልነው። ተራ ገብተን ውኃ አጠጣን፤ እስክንመረቅ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ምድቡ ሄደ። እኔ ከስምንት ዓመት የክፍለ ሀገር ሥራ በኋላ ለስፔሻሊቲ ስመለስ ቦታው ላይ የጄኔሬተር ቤት ቆሟል። ወይራውም ድንጋዩም የሉም። ማንንም አልወቅስም። ግንባታው አስፈላጊ ነበር። ፎርማኑ ቢጠይቅ እንኳ ማን ሊነግረው? የጥበቃው አባት እንዳሉኝ «አንድ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ነበር፣ ከአፈሩ ጋር ተጭኖ ሄደ»። የሂሮሺማው ሐውልት የሁሉም ስለሆነ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የልጅቷን ስም ግን ድንጋዩ አልያዘውም። የእኛው ድንጋይ ስም ነበረው፤ ከአንድ ባች በቀር ግን የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ሂሮሺማ ላይ ስሟ እንዴት አልጠፋም የሚለውን ስጠይቅ መልሱ ነሐሱ ውስጥ አልነበረም። በየዓመቱ ከየአገሩ 10 ሚሊዮን ያህል የወረቀት ወፍ ወደ ሐውልቱ ይመጣል፤ ክብደቱ 10 ቶን ገደማ ነው። እያንዳንዱን ልጅ ወረቀቱን ሲያስይዙት ለማን እንደሚያጥፍ ይነግሩታል፤ ያኔ ስሟ ይጠራል። በኦገስት 2003 ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በንዴት ወፎቹ ላይ እሳት ለኮሰ። ሥራ ፍለጋው አልሳካለት ብሎ እንደነበር ተነግሯል። 140,000 ያህል ተቃጠለ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አፍረው ዝም አላሉም፤ ቁጭ ብለው ማጠፍ ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። የተቃጠለውን ተክተው ወደ ሂሮሺማ ላኩ። ከተማው ዛሬ የሚመጡትን ወፎች ሰብስቦ ማስቀመጥ ስለማይችል ብዙው እንደገና ወረቀት እየሆነ ይወጣል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አትክልቱ የሁላችንም ይሁን፤ ስም ግን ይጻፍበት። የነሐስ ሐውልት አያስፈልገንም፤ አቅሙም የለንም። ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ድንጋይ ይሳሉ። ከመሳላቸው በፊት ደግሞ የዚያን ሰው ጓደኛ ወይም ዘመድ ደውለው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይጠይቁ። ቀለሙ ዝናብና ፀሐይ አይችልም የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ልክ ነው፣ አይችልም፤ በየመገናኛው ቀን የሚመለከተው ባች መጥቶ ይቀባዋል። ቦታው በግቢው ካርታ ላይ ይግባ፤ ወረቀቱም ተማሪ ጉዳይም ጥገና ክፍልም ይቀመጥ፤ ነገ ፎርማን ሲመጣ የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ። የቤተሰብ ፈቃድ ሳይጠየቅ ግን የማንም ስም አይጻፍ።

የእኛን ጓደኛ ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት እናታቸውን ደወልኩላቸው። ድምፄን ወዲያው ለዩት፤ ልጆቼን ጠየቁኝ፣ መረቁኝ። ስለ ድንጋዩ ሳነሣባቸው ደስ አላቸውና «ወይራው ይኼኔ ትልቅ ሆኗል አይደል?» አሉኝ። መርዶ ነጋሪ ማልዶ ይሄዳል እንጂ በስልክ አይነግርም። መዋሸትም ዳድቶኝ ነበር፤ ቀላል ነበር። «እማዬ፣ ወይራው የለም፤ ቤት ተሠራበት» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያ ሌላ ትከሉለት» አሉኝ፤ «ስሙንም ጻፉት፤ የአባቱን ስም ግን አትርሱ፤ ያኛው ድንጋይ ላይ ረስታችሁት ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ ረስተነው ነበር። የመገናኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ እንገናኝ። ችግኙን እኔ አመጣለሁ፤ የማደንዘዣ ሐኪማችን ቀለሙን ይይዛል። አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።